የላመ ዳጣ

የያዙኝ ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። እህቴ አጠገቤ ነበረች። ነጠላዋን ያጣፋሁላት እኔ ነኝ፤ በዚያ ሰሞን ጣቶቿ ጨርቅ እንኳ አይዙላትም ነበር። ሾፌሩ ሊነሳ ሲል የሲቪል ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከፊታችን ቆሙ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ። አሁኑኑ ትመለሳለህ።»

በትሕትና ነው የተናገረው። እንዲያውም እህቴን «ሳሮ» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አላት። እሷም መለሰችለት። ለምን እንደፈለጉኝ ገብቶኛል። ባለፈው ሳምንት፣ ስለ አካባቢያችን አስተዳደር ሕዝቡ ራሱ ይጠየቅ የሚል የፊርማ ወረቀት አባዝቼ ነበር። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ግን አንብቤዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁም። ስለዚህ አላውቅም ማለት አልችልም።

ከባጃጁ ስወርድ እህቴን «ቆዪኝ፣ መጣሁ» አልኳት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

እስከ ስድስት ሰዓት እዚያው ተቀምጣ እንደጠበቀችኝ የሰማሁት በኋላ ነው። ሾፌሩ «ልጁ የሚመለስ አይመስለኝም» ቢላት፣ «ቆዪኝ ብሎኛል» አለች አሉ።

ጣቢያው ውስጥ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ማሰሪያና ስልኬን ተቀበሉኝ። ከደረት ኪሴ አንድ የታጠፈ ካርድ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእህቴ የሐኪም ቀጠሮ ነው። የዛሬ።»

ፖሊሱ ገልጦ አነበበው። ከቀበቶዬ ጋር ፖስታ ውስጥ ከተተው።

ክፍሉ በርዝመቱ ስድስት እርምጃ ነው፤ በወርዱ አራት። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነበር። በሰው ጀርባ ልክ አረንጓዴው ተልጧል። አንድ መስኮት አለ፣ ከፍ ያለ። ሰው ትከሻ ላይ ቢወጡ የዳሞታ ተራራ ይታያል። ካልወጡ ጉም ብቻ ነው። የእርጥብ ካልሲና የሰው ትንፋሽ ይሸታል። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ሆንኩ። የአዲስ ገቢ ቦታ በሩ ሥር እንደሆነ አንድ ከአረካ የመጣ ባለ ባጃጅ ነገረኝ።

«አይዞህ፣ ሌላ ሰው ሲመጣ ወደ ውስጥ ትገባለህ» አለኝ። «እዚህ ሰልፉ ፈጣን ነው።»

ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ባጃጅ ማሰብ አልፈለግኩም።

እህቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በልብስ ስፌት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የለበስኩትን ሱሪ የሰፋችው እሷ ናት። በዚያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታዘዝ ይሏት ጀመር። ሲነጋ ውሃ አሙቄ እጇን እዘፈዝፍላታለሁ፤ ቀስ በቀስ ይፈታል። በኋላ ግን ውሃውም አልበቃም። አንጓዎቿ አበጡ፣ ጉልበቷ ያዛት። ሐኪሙ ሩማቶይድ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ነው አለን። የሰውነቷ መከላከያ ተሳስቶ የራሷን መገጣጠሚያ እያጠቃ ነው አለ። ለዓመታት ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ ክኒኖች ዋጠች። ሕመሙ ሲብስባት ደግሞ ማስታገሻ ትጨምራለች።

መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ስለ መርፌ ነገረን። ባዮሎጂክ ይሉታል። በየሁለት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን የሚመጣ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አስቀድሞ ግድ ነው አለ፣ መርፌው የሰውነትን መከላከያ ዝቅ ስለሚያደርግ። የደረት ራጅ ተነሣች፣ ሌላውንም ምርመራ አደረገች። ንጹሕ ነው ተባለ። ሐኪሙ ያኔ እንዲህ አለ፦ «መጀመር ትችያለሽ። ውሳኔው የእናንተ ነው።»

እህቴ ፈራች። አባታችን የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነው። መከላከያ ዝቅ ይላል የሚለው ቃል ሌሊትና ቀን ከጆሮዋ አልወጣም። «አንተ ወስን» አለችኝ። «የምትወጋኝ አንተ ነህ።» እውነቷን ነው። መርፌው እንደ እስክሪብቶ ሆኖ ይመጣል፣ ጭኗ ላይ ይዞ መጫን ነው። የሷ እጅ ግን መጫን አይችልም። በዚያ የቀጠሮ ቀን መልሳችንን ልንሰጥ፣ እኔም አወጋጉን ልማር ነበር። ጎረቤታችን ያለችው ባለ ሱቅ ከለስላሳ መጠጦቿ ማቀዝቀዣ አንድ መደርደሪያ ለቃልን ነበር። «የመጣ ቀን አምጡት፣ ኮካውን ወደ ታች አወርዳለሁ» ብላናለች።

ይህን ሁሉ ክፍሉ ውስጥ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። ከገሱባ የመጡ ነርስ ነበሩ፣ በጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት የሠሩ። ፀጉራቸው ሸብቷል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸውም በዚያው ወረቀት ላይ ፈርመው ነው የገቡት። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሳቸውን ለሁለት አካፈሉኝና ከበሩ ሥር ወደ ጎናቸው ሳቡኝ።

ጠያቂ አይገባም ነበር፤ የሚገባው ምግብ ብቻ ነው። በር ላይ ዕቃውን ያመጣው ሰው ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ቀምሶ ነው የሚቀበሉት። እህቴ የበቆሎ ቂጣ ወይም የተቀቀለ ስኳር ድንች ትልካለች፤ ዳጣ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ። የብልቃጡ ክዳን የሚጠመዘዝ ነው። እሷ መጠምዘዝ ስለማትችል ላላ ብሎ ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ ይፈሳል። ፌስታሉ ቀይ ሆኖ ይደርሰኛል። እኔም ባዶውን ስመልስ ክዳኑን ላላ አድርጌ ነው። ቤት እያለሁም ክዳን አላጠብቅም ነበር። ቤታችን ውስጥ የጠበቀ ነገር የለም።

ዳጣዋን ሳይ እጇን አያለሁ። ድሮ በድንጋይ ላይ ስትፈጨው ልሞ እንደ ቅቤ ይሆን ነበር። አሁን የበርበሬው ፍሬ ሙሉውን አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በቁራጭ፣ የዝንጅብሉ ጭረት ጥርስ ውስጥ ይገባል። በወፍጮ ማሽን ልታስፈጨው ትችላለች። እምቢ አለች፣ የማሽን ዳጣ አልወድም ስለምል። እንዲህ ባልኩ ጊዜ ትንሽ ነበርኩ። እሷ አልረሳችውም።

ባለ ባጃጁ ቂጣውን እያጠቀሰ «እህትህ በመዶሻ ነው እንዴ የምትፈጨው?» አለኝ።

«እጇን ያማታል» አልኩት።

መብላቱን አቆመ። «ይቅርታ ወንድሜ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ይጥማል ግን» አለ።

ጋሼ ያን ዕለት ስለ መርፌው ረጅም ጊዜ አወሩኝ። እኔ የፈራሁት እሷ የፈራችውን ነው። እሳቸው አላቻኮሉኝም።

«መርፌው አደጋ የለውም አልልህም» አሉ። «ትኩሳት ሲኖር፣ ሳል ሲኖር ቶሎ ሐኪም ማየት አለባት። የሚያስል ሰው አጠገብ አለመቀመጥ ነው። ግን አሁን የምትውጠው ነገርስ? ያ ሁሉ ማስታገሻ በዚያ ክኒን ላይ ሲደረብ ጨጓራ ይጎዳል። ቤት ውስጥ የቆየ ስለሆነ ማንም አይፈራውም። ጣት አንዴ ከተጣመመ ደግሞ አይመለስም። ምርመራው ንጹሕ ነው ካሉ፣ እኔ ልጄ ብትሆን አስጀምራት ነበር።»

«እጀምራለሁ ብትል ማን ይወጋታል? እኔ እዚህ ነኝ።»

«እስክትወጣ ጤና ጣቢያ ይወጓታል። ስትወጣ አንተ። ና እጅህን አምጣ።»

ያን ቀን ለአንዱ ሰው አቮካዶ መጥቶለት ነበር። ጋሼ ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር ሰበሩ። አቮካዶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ቆዳውን በግራ እጅ ቆንጠጥ፣ በቀኝ ቀጥ አድርጎ መግባት፣ እስከ አሥር መቁጠር፣ ከዚያ ማውጣት። አለማሸት። በሚቀጥለው ጊዜ ቦታ መቀየር። የመጀመሪያው ስንጥር ተሰበረብኝ። ክፍሉ በሙሉ ዙሪያችንን ከቦ ያያል።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ይተርፋል?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ሳያነሡ።

ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ አቮካዶ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣል። ባለቤቱ ከመብላቱ በፊት እወጋዋለሁ።

አጎታችን የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ እሑድ እሑድ ግቢው ውስጥ ከእስረኞች ጋር እንዲጸልዩ ይፈቀድላቸዋል። በሁለተኛው እሑድ መጡ። ከጸሎቱ በኋላ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

«እህትህ ልካኝ ነው» አሉ። «መርፌውን ልጀምር ወይስ ይቅር? መልሱን ከሱ አፍ አምጡልኝ ብላለች። የሆስፒታሉ ሰዎች እየጠየቋት ነው።»

አስቤ ጨርሼ ነበር። «ትጀምር» አልኩ። «ጀምሪ ብሎሻል በሏት። እስክወጣ ጤና ጣቢያ ይወጉሻል፣ ከዚያ እኔ እወጋሻለሁ። እዚህ ተምሬያለሁ በሏት። በአቮካዶ ላይ ተምሯል ብለው ይንገሯት፣ ትሳቅ።»

አጎቴ ትከሻዬን ያዙ። «አድርሳለሁ ልጄ» አሉ።

የእሳቸው እጅ ሞቅ ያለ ነበር። ይህንን አሁንም አስታውሳለሁ። እየዋሹኝ ነበር እንዳልል፣ ያን ሰዓት ምናልባት ገና አልወሰኑም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳምንታቱን በዳጣው ቆጠርኩ። ጋሼ መርፌው ለመሥራት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል ብለውኛል። ስለዚህ ዳጣው ሻካራ ሆኖ ሲመጣ ተስፋ አልቆረጥኩም። አንድ ቀን ከዳቦ ቤት የተገዛ ደረቅ ዳቦ ብቻ መጣ። ዳጣ የለም። ባለ ባጃጁን «ዛሬስ ሰነፈችብኝ» አልኩት።

እንዲህ ብያለሁ። አላልኩም አልልም።

በማግስቱም ዳቦ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፌስታሉ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ብልቃጡ አልፈሰሰም። ልከፍተው ስል አልከፈት አለኝ። ክዳኑ ጠብቋል። ሁለቴ ሞከርኩ፤ እጄን በሸሚዜ ጠቅልዬ ሞከርኩ። በመጨረሻ ባለ ባጃጁ ከፈተልኝ። ዳጣው ልሟል። በጣቴ ነካሁት፣ በምላሴ አየሁት፤ አንድ ፍሬ የለበትም።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «እዩት! ልሟል። ክዳኑንም እሷ ናት ያጠበቀችው። መርፌው ሠርቷል።»

ጋሼ ብልቃጡን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ተመስገን» አሉ። መልሰው ሰጡኝ።

ያን ዕለት ዳጣውን ለክፍሉ ሁሉ አከፋፈልኩ። አንዱ ሰው ብዙም አይወደውም ነበር፣ እሱም በላ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲያው መጣ፤ የላመ፣ የጠበቀ። እኔም እንደ ልማዴ ክዳኑን ላላ አድርጌ እመልሳለሁ። አሁን ቢጠብቅም ግድ የላትም እያልኩ። ልማድ ነው፣ አልተውኩትም። ማታ ሳልተኛ የመጀመሪያውን መርፌ የት እንደምወጋት አስባለሁ። ቀኝ ጭን፣ ቀጥሎ ግራ ጭን።

እንደዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየሁ። በእስር ዘመኔ ሁሉ ደስ ብሎኝ የኖርኩባቸው ቀናት እነዚያ ናቸው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አዲስ ሰው አስገቡ። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ ቆርቆሮ ይሸጣል። ሳየው ደስ አለኝ። ቂጣዬን ቆርሼ፣ በዳጣ አጥቅሼ አጎረስኩት። ጉርሻውን ዋጠና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። «ለቀብሯ እንኳ ያልለቀቁህ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው።»

እኔ መጀመሪያ የሌላ ሰው ነገር መሰለኝ። ከሌላ ሰው ጋር ያምታታኝ መሰለኝ።

«የማን ቀብር?» አልኩት።

ልጁ እጄን ለቀቀ። ወደ ሰዎቹ ዞሮ አየ። እኔም ዞርኩ። ሁሉም ያዩኛል። ጋሼ ብቻ መሬት ያያሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የሞተችው ማን እንደሆነች ሳይሆን፣ መጀመሪያ የገባኝ ጋሼ ያውቁ እንደነበር ነው።

ልጁ ከዚያ በኋላ የጠየቅኩትን ሁሉ መለሰልኝ። ቀስ ብሎ፣ ቃል እየፈለገ። ገና ጠዋት ወደ ጣቢያው ስትመጣ መንገድ ላይ ደም አስመለሳት። ሰዎች ሆስፒታል አደረሷት፤ ሳይመሽ አለፈች። ጨጓራዋ ነው ተባለ። ምግብ ይዛ ለመራመድ ብላ ማስታገሻውን በእጥፍ ትውጥ ነበር አሉ።

«መርፌውን ጀምራ አልነበረም?»

«የቱን? የአዲስ አበባውን?» ልጁ ግራ ገባው። «አልጀመረችም። አንተ አይደለህ እንዴ ቆዪ ያልካት? ለቅሶ ላይ እንደዚያ ነው የተባለው። ወንድሟ እስክወጣ ቆዪኝ ብሎ ልኮባት ነበር፣ ቃሉን ጠብቃ ሞተች ተባለ። አጎትህ ናቸው የተናገሩት። ሰው ሁሉ ነው ያለቀሰው።»

ተነሥቼ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። አረንጓዴው በተላጠበት ቦታ ጀርባዬን አስደገፍኩ። ማልቀስ አልመጣልኝም። የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ነው፦ ስትሞት እኔ ፈርቼ ያስቆየኋት መስሏት ነው።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ ነገሩኝ። በዳቦው ቀን ነው የሰሙት። አጎቴ በር ላይ ያለውን ፖሊስ ለምነው ላኩባቸው። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ እስር ቤት ውስጥ መርዶ ልጁን ይሰብረዋል፤ እስኪወጣ አደራ» ብለዋቸው።

«አደራ ተባልኩ» አሉኝ። «በሙያዬ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ፣ ብዙ መርዶ ተናግሬያለሁ። ያንተን መናገር አቃተኝ። ደስታህን እያየሁ ባሰብኝ።»

«አስተማሩኝ እኮ» አልኳቸው። «ከዚያ በኋላም አስተማሩኝ።»

ከሞተች በኋላ ሦስት አቮካዶ ወግቻለሁ። በሦስተኛው «እጅህ ተስተካከለ» ብለውኝ ነበር።

ብርድ ልብሳቸውን አጥፌ ሰጠኋቸውና ወደ በሩ ሥር ተመለስኩ። ባለ ባጃጁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አልቀለደም። እሱም አልሰማም ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። የቆርቆሮው ልጅ ደግሞ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም፣ እኔ ቆዪ ብዬ የገደልኳት መስሎት ይሆናል፣ ወይም መርዶውን ስላረዳኝ ተጸጽቶ።

እሑድ ደረሰ። አጎቴ ሁለት እሑድ ቀርተው ነበር። ያን ቀን መጡ፣ ምግቡንም ራሳቸው ይዘው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆመን ጸለዩ። እኔም ከሰው ጋር ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲጨርሱ ወደ አጥሩ ጥግ እኔ ወሰድኳቸው። ፊቴን አይተው አወቁ።

«ሰምተሃል» አሉ።

«ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ምን ብዬ ነበር?»

«ትጀምር ብለህ ነበር» አሉ።

«እርስዎ ምን አሏት?»

«ቆዪ ብሏል አልኳት። እስክወጣ ቆዪኝ ብሏል አልኳት።»

«ለምን በእኔ አፍ?»

«በእኔ አፍ ብላት አትሰማኝም ነበር።»

ይህንን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቀጥሎ ግን ተለወጠ። «አባታችሁ በሳል ሲያልቅ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንተ አታስታውስም። ሐኪሙ መከላከያዋን ዝቅ ያደርጋል ብሏል ስትለኝ እሱ ታየኝ። ዛሬ ነገ ይፈቱሃል ይሉን ነበር። አንድ ወር ብትቆይ ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ይህን ላደርስባት አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኩ። እውነት ነው፣ ይህን አውቃለሁ። አውቄም አልቀለለኝም። «ዳጣውስ?»

«አክስትህ ናት። ምግቡ ቢቋረጥ ትጠረጥራለህ አልን። ማሽን ቤት ነው የሚፈጨው።»

«ክዳኑን እሷ ናት የምታጠብቀው?»

ጥያቄው አልገባቸውም። «የቱን ክዳን?» አሉ።

«ለቅሶ ቤት የተናገሩትን እዚያው ሰው ፊት ቆመው ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አሁን ለሷ ምን ይጠቅማታል?»

«እሷ እኔ ያልኩትን ሳታውቅ ሞታለች። ቢያንስ ሌላው ይወቅ።»

ፖሊሱ ሰዓት አልቋል ብሎ ጮኸ። ያመጡትን ብልቃጥ ተቀበልኩ። ያለፈውን ቀን ባዶ ብልቃጥ መመለስ ነበረብኝ፤ አጥቤ ከበሩ አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት በንዴት ክዳኑን እስከ መጨረሻው አጥብቄው ነበር፤ አክስቴ እንዳትከፍተው፣ ማንም እንዳይከፍተው ብዬ። አነሣሁት። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

እጄን በሸሚዜ ጠቅልዬ ክዳኑን ፈታሁት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ሳልጠመዝዝ። በጣት ጫፍ የሚነሣ ሆኖ። ለእህቴ እንደማደርገው አድርጌ፣ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አጎቴ ክዳኑን አዩት፣ ነካ አደረጉት፣ ተንቀሳቀሰ። ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። ብልቃጡን ፌስታል ውስጥ አልከተቱትም። እንዳይወድቅ በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ እንደዚያው እንደያዙት ከበሩ ወጡ።

ክፍል ተመልሼ የላመውን ዳጣ ለሰው ሁሉ አከፋፈልኩ። እኔ አልበላሁም። ለጋሼም ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ።

በምንም ሳልከሰስ ተለቀቅኩ። ቀበቶዬን፣ ማሰሪያዬን፣ ስልኬንና የቀጠሮ ካርዱን ከፖስታው አውጥተው ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ገና አልተሰረዘም። የጎረቤታችን ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ ኮካ ተመልሶ ወጥቷል። ባለ ሱቋ እኔ ስገባ ፊት ለፊቱ ትቆማለች፣ እንዳላየው።

ጋሼ ከገሱባ ይደውላሉ። አንዳንዴ አነሣለሁ። ስለ ዝናብና ስለ ጉልበታቸው እናወራለን። ስለ አቮካዶ አውርተን አናውቅም።

አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይመጣሉ። ዳጣ ያመጣሉ። አሁን ክዳኑ ላላ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ፌስታሉም ቀይ ነው። ያን ያህል ገብቷቸዋል። ሰው ፊት ቆመው ግን እስካሁን አልተናገሩም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። ገበያ ስወጣ ሰዎች እጄን ይዘው «ምን ታደርግ፣ ለሷ ብለህ ነው ያስቆየሃት» ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ነው። አመሰግናቸውና አልፋለሁ።

ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። እህቴን ቆዪኝ ያልኳት አንድ ጊዜ ነው፤ ባጃጁ ውስጥ፣ በዚያ ጠዋት። እሷም እስከ ስድስት ሰዓት ቆየችኝ። ሁለተኛው ጊዜ፣ አጎቴን ልካ ስታስጠይቀኝ፣ ጀምሪ ነው ያልኩት።